በእኔ ቃል የተጠረጠሩት የሞጣው ልብስ ሰፊ

ከሞጣ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ «አገሩ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ጤፉ ጥሩ፣ ሰዉ ጥሩ» እያልኩ አልፋቸዋለሁ። ሠራተኛዬ ይታይሽ የት እንደቀረች ለሚጠይቁኝ ጎረቤቶች ደግሞ «እናቷ ጋ ትንሽ ልቆይ ብላ ነው» እላለሁ። ውሸት አልተናገርኩም፤ እውነቱንም ግን አልተናገርኩም። አሁን ከተነሣንበት ቀን ጀምሬ ልጻፈው። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ የሚያስኬድ ጉዳይ ስለማይኖራችሁ መንገዱንና ማደሪያውንም እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

አዳማ ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ይታይሽ ስድስት ዓመት ቤቴን ይዛልኛለች፣ ልጆቼን አሳድጋልኛለች። ታላቅ እህቷ ባንቺአምላክ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ የመኖሪያ ፈቃድ ግን የላትም። ከገና በኋላ በዚያ አገር ፖሊሶች ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች ተጠጋግተው የሚኖሩበትን ሕንፃ ከበው ሴቶቹን ሲያወጡ የሚያሳይ ቪዲዮ የሰዉን ስልክ ሁሉ አጥለቀለቀው። ሰው ከሥሩ ይጽፋል። የሚያለቅስ አለ፣ የሚራገም አለ፣ «የእጃቸውን ነው ያገኙት» የሚል አለ። እኔም ጻፍኩ። በስሜ አይደለም፤ «ሐቁን ልንገርህ» በሚል ስም የምጽፍበት ገጽ አለኝ። ነገር ታሳምራለች እየተባልኩ ስለምወደስ አመል ሆኖብኛል። የጻፍኩት ስለ ባንቺአምላክ ነበር፤ መያዟን ሳላውቅ እንደተያዘች አድርጌ። ስሟን አላነሣሁም፤ ግን ይታይሽ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች በአደራ ያጫወተችኝን የቤታቸውን ገመና ለሳቅ አዋልኩት። ሳቁም ጎረፈልኝ።

በአራተኛው ቀን ይታይሽ ያንኑ ቪዲዮ አየች። ፊታቸውን የሸፈኑ ሴቶች መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዷ «ወገን ድረሱልን» ትላለች። «የእህቴ ድምፅ ነው!» ብላ ጮኸች። እኔ መኝታ ቤት ገባሁና ጽሑፌን አጠፋሁት። የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ባንቺአምላክ ከታሰረችበት እስር ቤት ለይታይሽ ስልክ ተደወለ። ማንነቷን የሚመሰክር ደብዳቤ ከቀበሌዋ ካልተላከ ስሟ ወደ አገራቸው ከሚመለሱት ጋር አይጻፍም። ይታይሽ ቢሮ ገብቶ መነጋገር ትፈራለች፤ እኔ ደግሞ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበርኩ። «አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል በግድ አነሣኋት።

ሰኞ

አዲስ አበባ ስንደርስ የጎጃም መንገድ ተከፍቷል ተባለ። ባለፈው ሳምንት ተዘግቶ ስለነበር ተሳፋሪው ተጠራቅሟል፤ ተጋፍተን የኋላ ወንበር አገኘን። የእኔ አገር ሜዳ ነው። አዳማ ላይ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማየት ይቻላል። የዐባይ በረሃ ቁልቁለት ሲጀምር ዐይኔን ጨፍኜ የፊት ወንበሩን ብረት ጨበጥኩ። ይታይሽ ሳቀችብኝ። በዚያ ጉዞ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ሰዎች እየደወሉ ስለዚያ አሰሳ አስተያየት ይሰጣሉ። ከእኛ ፊት የተቀመጠ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ዝም ብሎ መስማት አልቻለም።

«ማን ሂዱ አላቸው? ሕግ ጥሰው ሄደው ሕግ ይድረስልን ይላሉ እንዴ?»

ከጎኑ ያሉ ነጠላ የተከናነቡ ሴትዮ ዞር ብለው አዩት። «የአንተ ልጅ የት ነው?»

«እዚሁ ነው፤ ይማራል።»

«ታዲያ አንተ ምን አለብህ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሰውዬውን ደገፈ፣ ሹፌሩም «ሁሉም ልክ ነው» ብሎ ሬዲዮውን ቀነሰው። ይታይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ሰውዬውን በቁጣ አየሁት። ቁጣዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ አፉ የእሱ ይሁን እንጂ ቃሉ የእኔ ነበር። ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወርደን በእግር ስንሄድ የይታይሽን ቋጠሮ ተቀብሎ የተሸከመው እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን ክፉ ሰው ነኝ ብዬ አላውቅም።

ሳይመሽ ደጀን ገባንና አልጋ ያዝን። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ውኃ ግን ጠፍቷል። የቧንቧውን መክፈቻ ወዲያና ወዲህ ሳዞረው ቆይቼ ተውኩት። የቱ መክፈት የቱ መዝጋት እንደሆነ ሳላውቅ መተኛቴ ነው ጥፋቱ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከአልጋዬ ስወርድ እግሬ ውኃ ውስጥ ገባ። ውኃው መጥቶ፣ ሞልቶ፣ ክፍሉን አጥለቅልቆ ጫማዬን እንደ ጀልባ ወደ በሩ ወስዶታል። ባለ አልጋዋን ጠርቼ ይቅርታ ስጠይቅ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ መጥረግ ጀመረች። «ውኃ መምጣቱም አንድ ነገር ነው፤ ስንት ቀናችን» አለችኝ። ጫማዬ እንደማይደርቅ ስታይ ከእግሯ የፕላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ። አዳማ ቢሆን ለፍራሹም ለወለሉም ካሳ እንጨቃጨቅ ነበር። በሰው ጫማ ነው ቢቸና የገባሁት።

ከደጀን ወደ ቢቸና ሲሄዱ በሁለቱም በኩል የታጨደ የጤፍ ማሳ ነው፤ ክምሩ ገና አላለቀም። ቢቸና የይታይሽ አጎት አቶ አበጀ እህል ይነግዳሉ። ሱቃቸው በጆንያ ስለታጨቀ ደንበኛው ከደጅ ቆሞ ነው የሚገበያየው። አቅፈው ሳሙን፤ እኔን ከይታይሽ አስቀድመው። ባለቤታቸው ቅቤ የጠጣ ሽሮ፣ ትኩስ ዳቦና እርጎ አቀረቡ። በቃኝ ባልኩ ቁጥር «አፈር ስሆን ብዪ» ይሉኛል። እኛ ዘንድ እንግዳ አንዴ ተለምኖ እንቢ ካለ ሰሐኑ ይነሣል፤ እዚያ ግን እንቢታ የልመናው መጀመሪያ ነው።

ምሳው ሲነሣ አቶ አበጀ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«መምህርት፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። እስቲ ይህን ይስሙልኝ» አሉና ከስልካቸው አንድ ፎቶ አወጡ። ሳየው ጽሑፌ ነው። ከማጥፋቴ በፊት አንዱ ፎቶ አንሥቶት ኖሯል። አቶ አበጀ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ቀስ ብለው አነበቡት፦

«አንዲት የሞጣ ልጅ አውቃለሁ። መጀመሪያ ተይዛ በነጻ አውሮፕላን ተመለሰች። እናቷ ‹ጥገት ላሜ ሞተችብኝ› ብላ ጎረቤት እያስለቀሰች ላሚቱን በድብቅ ሸጠችና ለደላላ ከፈለችላት፤ ልጅቱም እንደገና ሄደች። አሁን ደግሞ ‹ወገን ድረሱልን› ትላለች! አልቅሱ ካላችሁኝ እኔ የማለቅሰው ለላሚቱ ነው።»

የአቶ አበጀ ባለቤት ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ በያዝኩት ብርጭቆ ውስጥ ያለው እርጎ ላይ አፈጠጥኩ። ያን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ሁለቴ አርሜው ነበር፤ ይበልጥ እንዲያስቅ።

«ላሟ ሞተች ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ‹እግዜር ይተካልሽ› ብሏታል» አሉ አቶ አበጀ። «እህቴ ውሸታም ተብላ አሁን ሰው ደጇን አይረግጥም። ከልጆቿ በቀር መሸጧን የምናውቅ ሦስት ነን። እሷ፣ እኔና አንማው። አንማው ልብስ ሰፊ ነው፣ የግድግዳ ጎረቤቷ፣ የባንቺአምላክ የክርስትና አባት። ላሚቱን ደብረ ወርቅ ገበያ የነዳላት እሱ ነው። ልጅቱ ሁለተኛ መሄዷንም ሲቃወም ነበር። ከእሱ በቀር ማን ይጽፈዋል? ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀምጦ ደጀ ሰላም ላይ ይምላል።»

ይታይሽ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ለእኔ መንገሯን ረስታው አይደለም። እኔ እንደማላደርገው እርግጠኛ ስለነበረች ነው። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን «ሰውን ያለ ማስረጃ መጠርጠር ጥሩ አይደለም» አልኳቸው፤ ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፅ። አቶ አበጀም ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተማረ ሰው ንግግር ነው» አሉ።

ረቡዕ

ከቢቸና በሚኒባስ ተነሣን። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫውም አየር የለውም። ሹፌሩ በሞተር ብስክሌት ጎማ ሊያስነፋ ሲሄድ መንገድ ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ከማዶ ቤት አንዲት ሴት በእንሥራ ውኃ፣ በሰፌድ አሹቅ ይዘው መጡ። ማን እንደሆንን አልጠየቁም። ይታይሽ ዝም ማለቷን ሲያዩ ግን «ምነው ልጄ?» አሏት፤ እሷም እህቷ መያዟን ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሰፌዱን መሬት አስቀምጠው ከጎኗ ቁጭ አሉ። «የእኔም ልጅ በበረሃው ሄዷል፤ ከሄደ ድምፁን አልሰማሁም። ያንቺስ በሕይወት አለች፤ ታስራም ቢሆን አለች» አሏት። እስከምንሄድ ድረስ አብረዋት ተቀመጡ።

ሞጣ ከሰዓት በኋላ ገባን። የይታይሽ እናት ወይዘሮ ውዴ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ልጃቸውን ከመሳማቸው በፊት እኔን አቅፈው አለቀሱ። «ልጄን የምታወጪልኝ አንቺ ነሽ?» ይሉኛል። ውኃ አሙቀው እግሬን ካላጠብኩ አሉ። ለሠራተኛዬ እናት እግሬን መስጠት ከበደኝ፤ እንቢታዬን ግን እንደ ትሕትና ቆጠሩት። ረቡዕ ስለሆነ የሱፍ ፍትፍት አቀረቡልን። እኔ አዳማ ውስጥ ረቡዕን የማስታውሰው ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ሳገኘው ነው።

ይታይሽ በየመንገዱ ትነግረኝ እንደነበረው ቢሆን ቤቱ በጠያቂ መሞላት ነበረበት። እዚያ አገር ልጁ የታሰረበትን ሰው እንደ ሐዘንተኛ ይጠይቁታል፤ «እግዜር ያስፈታልሽ» ይላሉ፣ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ለጠያቂ መቀመጫ የተከራዩዋቸው አግዳሚዎች ገና ሳይመለሱ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። የተቀመጠባቸው ሰው የለም። ወይዘሮ ውዴ ባዶውን አግዳሚ ሳይ አዩኝና «ሰው ሥራ በዝቶበት ነው» አሉ። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው መደብ ላይ ተኙ።

ሐሙስ

የቀበሌዋ ጸሐፊ ከደሴ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። «ሲስተሙ ዛሬ አይሠራም፤ በእጅ እንጽፈዋለን» ብላ ፎርማቱን ሰጠችን። ልጅቱን ከሕፃንነቷ የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ከሦስቱ አንዱ የቅርብ ጎረቤት መሆን አለበት። ሁለቱ ተገኙ። የቅርብ ጎረቤት በአንድ በኩል የተቆለፈ ቤት ነው፣ በሌላው በኩል ጋሽ አንማው ናቸው።

«እሱን አልለምንም» አሉ ወይዘሮ ውዴ። «ልጄን በአደባባይ ያዋረደ ሰው ስለ ልጄ አይመሰክርም።» ፎርማቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ብቻዬን ወደ ገበያው ሄድኩ። ጋሽ አንማው በረንዳ ላይ ከስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠው የካኪ ሱሪ ያሳጥራሉ። ፊት ለፊታቸው ሁለት ሴቶች ቆመው ስለ ልብስ ዋጋ እየተከራከሩ «እመቤቴን!» «ጊዮርጊስን!» እያሉ ይምላሉ። እሳቸው «አይሆንም» ወይም «እሺ» ብቻ ነው የሚሉት። ሴቶቹ ሲሄዱ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፣ ስለ ምስክርነቱም ለመንኳቸው።

«ለክርስትና ልጄ ለመመስከር መለመን አለብኝ?» አሉ። «ነገ እመጣለሁ። ውዴ አታናግረኝም እንጂ እኔ አልተጣላኋትም።»

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። «ጋሽ አንማው፣ ያን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

የስፌት መኪናው ቆመ። «ላሚቱን ማን ነገረሽ?»

«ይታይሽ።»

«መጻፍሽን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

የሱሪውን እግር ገልብጠው አዩት፣ መልሰው አስተካከሉት።

«እንግዲያ ደብዳቤው እስኪወጣ አትናገሪ» አሉ። «አሁን ብትናገሪ ውዴ ታባርርሻለች፤ እውነቷን ነው። ቢሮውን የምታውቂው ደግሞ አንቺ ነሽ። ልጅቱ ትቅደም።»

«እርስዎስ? ቅዳሜ ሊያስምሉዎት አይደል?»

«እስከ ቅዳሜ ስሜ አይሞትም። ከደብዳቤው በኋላ ያለውን ግን ራስሽ ታውቂያለሽ።»

ከዚያ በረንዳ ስወርድ እፎይ ብዬ ነበር። ከዚህ ጉዞ ሁሉ በጣም የማፍረው በዚያ እፎይታ ነው። ሸክሜን ሽማግሌ ጫንቃ ላይ አስቀምጬ እጄን እያወዛወዝኩ ወደ ቤት ሄድኩ፤ መንገድ ላይም ሙዝ ገዛሁ።

ዓርብ

ጋሽ አንማው ካባ መሳይ ኮታቸውን ለብሰው ከቢሮው መከፈት በፊት ደርሰዋል። ወይዘሮ ውዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጸሐፊዋ «ልጅቱን ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?» ስትላቸው «ክርስትና ላይ በእጄ ይዣታለሁ» አሉና ፈረሙ። ሲወጡ በወይዘሮ ውዴ አጠገብ አለፉ፤ «እንደምን አደርሽ ውዴ» አሉ። ወይዘሮ ውዴ ከግድግዳው አልዞሩም። እኔ መካከላቸው ቆሜ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

ከቀትር በኋላ ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት ወጣ። ፎቶ አንሥቼ በተሰጠን ቁጥር ላክሁት፤ ከብዙ ሙከራ በኋላ ሄደ። ወይዘሮ ውዴ ስልኬን ሳሙት። ይህን ስጽፍ ባንቺአምላክ ገና አልመጣችም፤ ስሟ ግን ከሚመለሱት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል ብለው ደውለውልናል።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ጥድ ሥር ነው። አቶ አበጀም ከቢቸና መጥተዋል። ሰው በዙሪያው ቆሟል። ሰብሳቢው ሽማግሌ ቄሱ የያዙትን መስቀል አመለከቱ።

«አንማው፣ ነገሩ ቀላል ነው። መስቀሉን ይዘህ ‹አልጻፍኩም፣ አላስጻፍኩም› በል። በዚህ ያልቃል።»

«አልጻፍኩም፣ አላስጻፍኩም» አሉ ጋሽ አንማው። «መስቀሉን ግን ልሳመው እንጂ አልምልበትም። ወንጌል ከቶ አትማሉ ይላል። ሸምቼም ሽጬም ምዬ አላውቅም፤ በስተርጅና አልጀምርም።»

ሰዉ ተንሾካሾከ። እኛ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ቅናሽ ስንት ጻድቃን ጠርተን እንምላለን! እዚያ ግን መሐላ የሚፈራ ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ አንዱ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ሁለተኛው ሐሰተኛ። ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁለቱ አይለዩም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። እውነት ቢይዝ ኖሮ ይምል ነበር አሉ።

«እስኪምል ድረስ እሳት አትጫሩለት» ብለው ፈረዱ። «ደስታም ሐዘንም ላይ አትጥሩት። የሚሰፋ ልብስም አትስጡት።»

ደብዳቤው ሄዷል። የምደበቅበት ምክንያት አልቋል። ፈራሁ። ይታይሽ ከጎኔ ቆማለች፣ እናቷ ክንዴን ይዘዋል፣ ሰዉ ሁሉ «መምህርት» እያለ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ብሎኛል። ያን ማጣት ነው የፈራሁት። ጋሽ አንማው ኮፍያቸውን አንሥተው ሲሄዱ አንዴ አዩኝ። አልተቆጡም። እንደምናገር እርግጠኛ ሆነው ጠብቀው፣ አለመናገሬን አይተው ሄዱ።

እሑድ

ሞጣን የምለቅበት ቀን ነበር። ወይዘሮ ውዴ በሶ ቋጥረው፣ ማር በጠርሙስ አድርገው ሻንጣዬ ውስጥ አስገብተዋል። «መኪናው ሳይነሣ አስቀድሰሽ ሂጂ» ብለው ወሰዱኝ። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲቆም እጄን ይዘው ወደ ቄሱና ወደ ሽማግሌዎቹ አቀረቡኝ።

«መርቁልኝ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ልጄን ያስፈታችልኝ ይህች ናት። የገዛ ጎረቤቴ ሲያዋርደኝ ከአዳማ ድረስ መጥታ ያቆመችኝ ይህች ናት!»

ሽማግሌው እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ። ጋሽ አንማው ከሰዉ ተለይተው ብቻቸውን ከቅጥሩ ዳር ቆመዋል፤ በዙሪያቸው ማንም የለም። እጆቹ በላዬ ሲዘረጉ አልቻልኩም።

«አትመርቁኝ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጋሽ አንማው እጅ የለበትም። እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የሰማኝ ያለ አልመሰለኝም። ከዚያ ይታይሽ ከኋላዬ «እትዬ?» አለች። ዞርኩ። «ለእርስዎ ብቻ ነበር እኮ የነገርኩት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ አላናገረችኝም።

ወይዘሮ ውዴ እጄን አልለቀቁም። «እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ። «ሰዎቹም እንዳይከፋኝ ሙሉውን አላነበቡልኝም። እንዴት አድርገሽ እንደጻፍሽው ንገሪኝ።»

በቃሌ አውቀዋለሁ። በሰዉ ፊት፣ ዐይናቸውን እያየሁ አልኩት። የላሚቱንም ሳልዘልል ጨረስኩት።

«ለላሚቱም አልቅሻለሁ» አሉ በቀስታ። «ሞተች ብዬ ዋሽቻለሁ፤ እውነት ነው። ጎረቤት ሲያጽናናኝ ያለቀስኩት ግን የእውነቴን ነበር። ልጄ ልትሄድብኝ ነበራ።»

ከዚያ እጄን ለቀቁ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ከቅጥሩ ሥር ከተከመረው ድንጋይ አንዱን መርጠው አነሡ፤ ትንሹን አይደለም። ጫንቃቸው ላይ አድርገው አጎንብሰው ወደ ጋሽ አንማው ሄዱ። በዚያ አገር የበደለ ሰው የበደለውን ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። የተበደለው «አውርድ» እስኪል ድንጋዩ አይወርድም። ወይዘሮ ውዴ በጉልበታቸው ወደቁ። «በሐሰት ጠረጠርኩህ፤ እሳት ከለከልኩህ» ይላሉ። አቶ አበጀም ከኋላቸው ሌላ ድንጋይ አነሡ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ራሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ተንበረከኩ።

ጋሽ አንማው «አውርጂው፣ ኧረ አውርጂው ውዴ» እያሉ ድንጋዩን ከወይዘሮ ውዴ ጫንቃ ለማንሣት ይታገላሉ፤ ወይዘሮ ውዴ ግን አልለቅ አሉ።

እኔም ወደ ቅጥሩ ሄጄ ድንጋይ አነሣሁ። ገና ወደ ጫንቃዬ ሳላደርሰው አንድ ሌላ ሽማግሌ መጥተው ከእጄ ወሰዱት፤ ከነበረበት ቦታም መልሰው አስቀመጡት።

«ተዪው ልጄ» አሉኝ። «ድንጋይ የሚሸከመው ነገ እዚሁ አብሮ የሚኖር ሰው ነው። አንቺ እንግዳ ነሽ።»

አግዳሚ ጠርገው ጥላው ሥር አስቀመጡኝ። ወይዘሮ ውዴ ገና ከመሬት አልተነሡም። ከሰዉ መካከል አንዱ «ለእንግዳይቱ ውኃ ስጧት» ሲል ሰማሁ።